ከአንድ ሳጥን የወጡ ምንሽሮች

አንድ አጎትና አንድ የእኅት ልጅ ነበሩ። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት ምንሽሮች ገዙ። ዘመኑ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አጎትየው አንድ የእርሻ በሬ ሸጡ፤ ልጁ ከአባቱ የወረሳትን በቅሎ ሸጠ። ጠመንጃዎቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ የቱ የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው አልነበረም። ብረታቸው አንድ፣ እንጨታቸው አንድ፣ ሽታቸው እንኳ አንድ።

አጎትየው ከዓድዋ ጀምሮ የያዟት ውጅግራ ነበረቻቸው። ውጅግራ አንድ ጥይት ነው የምትጎርሰው፤ ከተኮሱባት በኋላ ጭሱ እስኪገለጥ የተመታው ይውደቅ ይሩጥ አይታወቅም። ምንሽር ግን አምስት ጎራሽ ናት፤ ጭስም የላትም። እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ሰው የአደኑ ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ አይወስደውም።

ወሩ ኅዳር ነው። ወደ ደዴሳ በረሃ ለአደን የሚወረደው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ንዳዱ ሲበርድ፣ ረጅሙ ሣር ተቃጥሎ አውሬው ውኃ ዳር ሲሰበሰብ ነው። ሁለቱም የመሰናጃ ጊዜ ነበራቸው።

ልጁ ለምንሽሩ ከቀይ ቆዳ ማንገቻ አሠራላት። ሰደፏን በናስ ምስማር አስጌጠ። ማታ ማታ ቅቤ እያስነካ ወለወላት። የጎረቤት ሠርግ ደረሰና ፎክሮ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ድምፅዋ ሸለቆውን አናወጠው፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ምራቃቸውን ዋጡ። ሰማይን የሳተ ተኳሽ የለምና ማንም እንከን አላወጣባትም።

አጎትየው ደግሞ አንድ ጠዋት፣ የሰው ራስ የምታህል ቅል በአመድ ለቅልቀው ወደ ወንዙ ወረዱ። ቅሏን ከገደሉ አፈር ፊት በእንጨት ላይ ሰኳት። መቶ እርምጃ ቆጥረው ተመለሱ። አሸዋ የሞላ ስልቻ መሬት ላይ አኖሩ፤ በደረታቸው ተኝተው ጠመንጃውን በስልቻው ላይ አሳረፉ።

ሰው ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን ጥይት ገንዘብ ነው። ገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው ይመነዘራል፤ በጥይት በርበሬ ይሸመታል፣ በጥይት ዶሮ ይገዛል። ስለዚህ ሽማግሌው ቅል ሊተኩሱ ነው ሲባል፣ ገንዘባቸውን ወንዝ ሊከቱ ነው ተባለ። ልጁ ከሁሉ ፊት ቆሟል።

ተኮሱ። ቅሏ አልተነካችም። ሳቅ ሆነ።

ደግመው ተኮሱ። ቅሏ እንዳለች ናት። «ዶሮዋ በረረች!» አለች አንዲት ሴት።

አጎትየው አልተቆጡም፤ ከተኙበትም አልተነሡም። አንድ እረኛ ጠርተው፣ «ሂድና ጥይቱ አፈሩን የት እንደበሳው በጣትህ አሳየኝ» አሉት። እረኛው ሮጠ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ተገኙ፤ ከቅሏ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው፣ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሄደው።

«እሰይ» አሉ አጎትየው። ሁለት ጊዜ የሳተ ሰው እሰይ ሲል ሰሚው ግራ ገባው። እሳቸው ግን ቀዳዳዎቹ መጠጋጋታቸውን ነው የወደዱት። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ቢሆን ኖሮ ምን ይደረጋል? ሁልጊዜ በአንድ በኩል የሚስት መሣሪያ ግን ይታረማል።

ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ በቦይ ውስጥ የተሰካች ትንሽ የማነጣጠሪያ ጉጥ አለች። አጎትየው መዶሻ አወጡ፤ የናስ ቁራጭ አስደግፈው ጉጧን ቀስ አድርገው መቱ። ወደ ግራ።

ልጁ ዝም ማለት አልቻለም። «ጋሼ፣ ጥይቱ ወደ ግራ ሄደ አሉ፤ እርስዎ ደግሞ ጉጧን ወደዚያው ይነዷታል?»

«ጉጧ ወደ ግራ ስትሸሽ ዓይኔ ቅሏ ላይ ሊመልሳት ይጎትታታል። ያን ጊዜ አፈሙዙ ወደ ቀኝ ይዞራል።»

ሦስተኛውን ተኮሱ፤ ጥይቱ ወደ ቅሏ በግማሽ ቀረበ። ደግመው መቱ፤ አራተኛው ከቅሏ በላይ ቀጥ ብሎ አረፈ። ከፍታውን ግን አልነኩትም። «ይቺ ለጦር የተሠራች ናት» አሉ፤ «ማነጣጠሪያዋ ተኝቶ ሳለ የተመጠነችው ለሦስት መቶ እርምጃ ነው። ቅርብ ላለ ነገር እኔ ስንዝር ዝቅ አድርጌ እይዝላታለሁ።» እንዳሉት ዝቅ አድርገው አምስተኛውን ሲተኩሱ ቅሏ ተበተነች።

አሁን እልል ተባለ። አጎትየው ቀለሃዎቹን ከሣሩ ውስጥ አንድ በአንድ ለቀሙና ወደ ልጁ ዞሩ።

«ያንተንም አምጣት።»

«ምን ያደርጋል ጋሼ? ሁለቱም ከአንድ ሳጥን ወጥተዋል። የእርስዎ ስንዝር ወደ ላይ፣ ስንዝር ወደ ግራ ሄደች፤ የእኔም እህቷ ናት። እኔ ሳልቀጠቅጣት ስንዝር ዝቅ፣ ስንዝር ወደ ቀኝ አድርጌ እይዛለሁ። አምስት ጥይት ተረፈልኝ።»

የቆሙት ሰዎች የልጁን ጭንቅላት አደነቁ። አጎትየው ምንሽራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ «መዶሻው እቤት አለ» አሉና ሄዱ።

ጥምቀት አለፈ። በረሃ ወረዱ። በአዳኞቹ ሕግ መጀመሪያ ደም ያፈሰሰ ሰው ግዳዩ የእሱ ነው፤ ሌላው ቢጨርሰውም ጭራው ለመጀመሪያው ይሰጣል። ልጁ ይህን ሕግ ከፉከራው ጋር ነው የተማረው።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ አንድ ሽማግሌ ጎሽ ከጥሻው ወጣ። ፊቱን ወደ ግራ አድርጎ ለመጠጣት አጎነበሰ። ርቀቱ መቶ እርምጃ ነው። አጎትየው ለልጁ ተዉለት። ልጁ ወርቹ ላይ አነጣጠረ፤ ከዚያ በልቡ እንደያዘው ስንዝር ዝቅ አለ፣ ስንዝር ወደ ቀኝ ሄደ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ትንፋሹን ያዘ፤ ቃታውን ሳበ።

የእሱ ምንሽር ግን ከመጀመሪያውም ወደ ቀኝ ነበር የምትሄደው። የተዋሰው ስንዝር ከራሷ ስንዝር ጋር ተደመረ። ለወርቹ የታሰበው ጥይት ሆዱን በሳው። ጎሹ ጀርባውን አጉብጦ ወደ ጥሻው ተመለሰ።

«ዘራፍ!» አለ ልጁ።

አጎትየው ወደ ደሙ ሄደው አጎነበሱ፤ በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። «ፈርስ አለበት» አሉ። ፉከራው በዚያው ቆመ።

የቆሰለ ጎሽ ብዙ ጊዜ ርቆ አይሸሽም፤ ዞሮ መጥቶ በራሱ ዱካ ዳር አድፍጦ የሚከተለውን ይጠብቃል። እንደዚያው ሆነ። ከጎን ወጣ። ልጁ ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ ሦስተኛውን ሳያጎርስ ቀንዱ ጭኑን ሰነጠቀው። አጎትየው ከአሥር እርምጃ አንድ ጊዜ ተኮሱ፤ ጎሹም በልጁ አጠገብ ወደቀ። ልጁን በቃሬዛ ተሸክመው ደጋ ወጡ። ጭራው በሕጉ የልጁ ነበርና ቃሬዛው ላይ አሰሩለት።

ልጁ ቁስሉ ደርቆ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር ቅል ለቅልቆ ወንዝ ወረደ። ሦስት ጥይት ተኮሰ። ሦስቱም ስንዝር ወደ ቀኝ። ወደ አጎቱ ቤት እያነከሰ መጣ።

«ጋሼ፣ የእኔዋ ወደ ቀኝ እንደምትሄድ ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔም አላውቅም ነበር፣ ልጄ» አሉት።

ይህን ልጅ ሰነፍ ነበር ብሎ ማለፍ ይበድለዋል። ወንዝ ዳር ከሁሉ ፊት ቆሞ ያየ፣ የጠየቀ፣ ልኩን በልቡ የያዘ እሱ ነው። በረሃም ወርዶ እጁ አልከዳውም፤ ያሰበበት ላይ ተኩሷል። የያዘው ዕውቀት ሁሉ እውነት ነበር፤ እውነትነቱ ግን ለአጎቱ ጠመንጃ ነው። ከአንድ ሳጥን የወጡ ጠመንጃዎች የሚለያዩት በጥቃቅን ነገር ነው። የአንዷን ጉጥ ሠራተኛው በጥቂቱ አጋድሎ ሰክቷት ይሆናል፤ የሌላዋን እንጨት የመርከብ እርጥበት አጣሞት ይሆናል፤ ወይም ሳጥኑ ከበቅሎ ላይ ሲወድቅ በታች የነበረችው አንዷ ብቻ ናት። ከአፈሙዝ ላይ ጥቂት የሆነው ነገር መቶ እርምጃ ሲሄድ ስንዝር ይሆናል።

ዛሬም በብዙ የአፍሪካ አገሮች በፈቃድ የሚያድን እንግዳ ሰፈሩ እንደደረሰ መሪው የጠመንጃውን ዋጋ አይጠይቀውም። ወረቀት ይሰቅልና «ተኩስ» ይለዋል፤ አገሩ ሳለ አስተካክሏት እንደሆነም «መንገድ አንገላቷታል፣ እንደገና ተኩስ» ይለዋል። ያለምክንያት አይደለም። አውሬውን አቁስሎ ያጣው አዳኝ እንደገደለው ተቆጥሮ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል፤ የቆሰለውን ተከትሎ ጥሻ የሚገባው ደግሞ መሪው ነው።