ሁለት ጎራዴና አንድ ጋሻ

ሕግ የከለከለውን አለማድረግና ሕግ ያሰበውን ማድረግ አንድ ናቸውን? ጥያቄው ከፍርድ አደባባይና ከሊቃውንት ጉባኤ የማይወጣ ይመስለን ይሆናል። እኔን ያገኘኝ ግን በውጭ አገር በእንግድነት ባረፍሁበት ቤት፣ አምስት ወጣቶች ዳይስ እየወረወሩ በሚጫወቱበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። አንባቢ በጨዋታ ነገር ጊዜውን የማባክንበት እንዳይመስለው እለምናለሁ፤ ክርክሩ ጨዋታ አልነበረምና።

ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት እ.ኤ.አ. በ1974 ለኅትመት በቃ። ለተውኔት ሰው እንግዳ አይደለም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ ጠላትነቱንም ዳኝነቱንም እሱው ደርቦ ይሠራል። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም። የሰይፍ ምት ማረፍ አለማረፉን የሚቈርጠው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ሲሆን፣ የቀረውን የሚገዛው የሕጉ መጽሐፍ ነው።

ይህ መጽሐፍ ታዲያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ይኸውም ተዋጊው በሁለት እጁ ሁለት መሣሪያ ሲይዝ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁለት ጎራዴ ያለ ዋጋ ሁለት ጊዜ የሚመታ ከሆነ ጋሻ የሚያነሣ ሰው አይገኝም፤ ስለሆነም ትርፉን በኪሣራ ማመዛዘን የግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የመሪዎች መጽሐፍ ሁለተኛው መሣሪያ ጩቤ ወይም የእጅ መጥረቢያ ብቻ እንዲሆን ወስኖ፣ ከዋናው እጅ የዳይስ ውጤት 2፣ ከሌላው 4 ቀነሰ። በ2000 የወጣው እትም ላልሠለጠነ ተዋጊ ቅናሹን እስከ 6 እና 10 አድርሶ፣ ማቃለያውን በሁለት የተለያዩ ክህሎቶች አከፋፈለው፤ በ2003 ሁለቱ ክህሎቶች ተዋሐዱ። በ2014 የዳይሱ ቅናሽ ቀርቶ ሁለተኛው ምት ተዋጊው በየተራው ያለችውን አንዲት ተጨማሪ ድርጊት የሚበላ ሆነ። ስለ ግራ እጅ ይህን ያህል የተጨነቀ ሕግ አውጪ ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። የ2014ቱ መጽሐፍ ሁለተኛው መሣሪያ በሌላው እጅ የተያዘ መሆን እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። በ2024 የታተመው ግን መሣሪያው ከፊተኛው የተለየና ቀላል ይሁን ይላል እንጂ እጅን አያነሣም። ከዚህም ጋር፣ በየምቱ አንድ መሣሪያ መምዘዝ ወይም መክተት ይፈቅዳል። አንደኛው ወጣት ይህን አስተዋለ። ጋሻውን በግራው እንዳነገበ በአጭር ጎራዴ መታ፤ ጎራዴውን ወደ ሰገባው መለሰ፤ ጩቤ መዝዞ ደገመ። ይህ ሁሉ በስድስት ሴኮንድ ውስጥ ነው፤ አንድ ዙር የሚወክለው ጊዜ ይኸው ነውና። ለሁለት ጎራዴ ሲል ጋሻውን ትቶ ስንት ምሽት ሲቈስል የከረመው ጓደኛው «ይህ ማታለል ነው!» አለ። የፊተኛውም «የጣስሁትን ቃል አሳየኝ» ሲል መለሰ። ሊያሳየው አልቻለም።

ከተቀመጡት አንዱ፣ በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ውጊያ የለም አለ። ይህ ደካማ መከራከሪያ ነው። እሳት የሚተፋ ዘንዶ የተቀበለ ሰው የሰገባ ፍጥነት አያስጨንቀውም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አውሮፓ በግራ እጅ የሚያዘው ጩቤ በአብዛኛው መመከቻ እንደ ነበረ እናውቃለን፤ ጨዋታው ግን ከመጀመሪያውም መቺ አድርጎታል፤ ማንም አልተቈጣም። ስለዚህ የተበደለው እውነታ አይደለም።

የተበደለው ማን ነው? በልምምድ ጊዜ አንድ ተዋናይ አይቻለሁ። ጽሑፉ «ገብቶ ይቆማል» ይላል። እሱም ይገባል፣ ባልደረባው ፊት ይቆማል፤ ተመልካች ያን ምስኪን ሳያይ ትዕይንቱ ያልቃል። ከጽሑፉ የጣሰው ቃል የለም። በደሉ የደረሰው በወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከኋላው በቆመው ሰው ላይ ነው።

ይሁን እንጂ የጨዋታው መሪ የሰጠውም ፍርድ አላስደሰተኝም። «የሕጉ ሐሳብ ይህ አይደለም» ብሎ ምቱን ሻረው። ሐሳቡን በምን አወቀ? የተጻፈ ቃል ደካማውን ከዳኛው ፈቃድ የሚጋርድ ነው። በሐሳብ ስም ቃልን የሚሽር ዳኛ፣ ነገ የራሱን ፈቃድ «ሐሳብ» ብሎ እንደማይጠራው ዋሱ ማን ነው? ከብልጣብልጡ ተጫዋች ይልቅ እኔ የምፈራው ይህን ነው፤ ብልጣብልጡ ቢያንስ ሌላውም ሊያነበው የሚችለውን መጽሐፍ ነው የጠቀሰው።

ወጣቱን የምወቅሰው አጥብቆ በማንበቡ አይደለም። ብቻውን አንብቦ፣ ያገኘውን ደብቆ፣ ውጊያው እስኪጋጋል በመጠበቁ ነው። በመጀመሪያው ምሽት መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ይህ እንዲህ ይነበባልን?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ጓደኛውም እንደ እሱ መርጦ በገባ ነበር። መሪውም ለዚያች ሌሊት ምቱን አጽንቶ፣ ለቀጣዩ ሁሉም ተመካክረው እንዲወስኑ ማድረግ ይችል ነበር። እርግጥ እንዲህ ቢደረግም የጓደኛው የስንት ምሽት ቍስል አይመለስም፤ ለዚህ መልስ የለኝም።

ነገሩ በረድ ሲል ያ ጋሻ የሌለው ወጣት ገጸ ባሕርዩ የተጻፈበትን ወረቀት አንሥቶ «እንግዲያስ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ጋሻ ልያዝን?» ሲል ጠየቀ። መሪው ወዲያው አልመለሰለትም። መጽሐፉን እንደገና ገለጠና ሁሉም እንዲያዩት ወደ ጠረጴዛው መካከል ገፋው።