ሁለቱ ጠጋኞች

በአንዲት ከተማ የመድኃኒት መደብር ያላቸው እናት ነበሩ። ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ነው። የመድኃኒቱን ብዛትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሚመዘግብላቸው ፕሮግራም በጃቫ 8 ዘመን የተጻፈ ሲሆን፣ የጻፈው ልጅ ከከተማው ከሄደ ቆይቷል።

አንድ ቀን ወጣት ጠጋኝ ኮምፒውተሩን ሊያድስላቸው መጣ። ጃቫ 8ን ሲያይ፣ “እትዬ፣ ይሄ ጊዜው አልፎበታል” ብሎ አጠፋውና በቦታው ጃቫ 11ን ጫነ። በማግሥቱ ፕሮግራሙ አልከፈት አለ፤ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጠጋኙ ተጠርቶ ተመለሰ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው፤ ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና ጫነው። እምቢ ሲለው፣ “ፎርማት መደረግ አለበት፤ አለዚያ አዲስ ይግዙ” ብሏቸው ሄደ።

ሴትዮዋ ሌላ ጠጋኝ አስጠሩ። እሱ ከመንካቱ በፊት ጠየቀ። “እትዬ፣ ደህና ይሠራ የነበረው እስከ መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ምን ተነካ?”

“ጃቫ የሚሉትን አደሱልኝ እንጂ ሌላ ምንም የተነካ የለም፣ ልጄ።”

መጀመሪያ መዝገቡ ያለበትን ፎልደር በሌላ ሃርድ ዲስክ ቀዳ። ቀጥሎ መልእክቱ ብልጭ ብሎ እንዳይጠፋበት ፕሮግራሙን ከኮማንድ ፕሮምፕት አስነሳው። መልእክቱ “ጃቫኤክስ ኤክስኤምኤል ባይንድ” የተባለ ክፍል እንደታጣ ይናገራል። ነገሩ ገባው። ይህ ክፍል ከጃቫ 8 ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ጃቫ 11 ግን አስወጥቶታል። ፕሮግራሙም ኮምፒውተሩም አልተበላሹም፤ ፕሮግራሙ የተደገፈበት ነገር ነው የተነሣው።

ጃቫ 11ን ሳያጠፋ ጃቫ 8ን ከጎኑ መልሶ ጫነ። ፕሮግራሙን በሚያስነሳው ፋይል ውስጥም የጃቫ 8ን ሙሉ አድራሻ ጻፈ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ዊንዶውስ 7 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 2020 ጀምሮ ለተራ ተጠቃሚ የደኅንነት ማሻሻያ ስለማይደርሰው፣ ለዚህ ሥራ የማያስፈልገውን የኢንተርኔት መስመር ነቀለ። በመጨረሻም የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ጃቫ እንደሚፈልግና ምን እንደተቀየረ በወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፈ።

ፍቺው ይህ ነው። የመጀመሪያው ጠጋኝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዲሱን መውደዱም ነውር የለበትም። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፦ “በዚህ በማጠፋው ነገር ላይ ማን ተደግፏል?” ይህን ያልጠየቀ ሰው እያደሰ ያፈርሳል።

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የማደስ ሥራ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ይጀምራል፤ መልሱ ግን በየቦታው ይለያያል። ሁለት ጃቫ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዶትኔት ፍሬምወርክ 4.8 ግን ከ4.0 ጀምሮ የነበሩትን ተክቶ ይቀመጣል፤ 3.5ን ግን ለብቻው ይተወዋል። 4.8ን ዊንዶውስ 7 ላይ ለመጫንም ሰርቪስ ፓክ 1 አስቀድሞ መግባት አለበት። ፓይተን ደግሞ ወሰን አለው፤ ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው እስከ 3.8 ነው፣ 3.9 አይጫንም። ስለዚህ የቱ አብሮ እንደሚኖር፣ የቱ እንደሚተካ፣ የቱ እንደሚቀድም ሳያጣሩ መጫን በጭፍን መሄድ ነው።

በየክሊኒኩ፣ በየትምህርት ቤቱና በየሱቁ የሚሠሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች የሰው እንጀራና የሰው ጤና ተሸክመዋል። እነዚህን የምትጠግኑ ወጣቶች ሆይ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት መዝገቡን ቅዱ፤ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ የነካችሁትን ጽፋችሁ ተዉ። ፎርማት የመጨረሻው መፍትሔ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን።