በደረቅ አበሳ

«አሸነፍን!» ይላል የሠፈሬ ልጅ። ሊቨርፑል የምትባለውን ከተማ በካርታ ላይ አሳየኝ ቢሉት ጣቱ የት እንደሚያርፍ እንጃ። ቅዳሜ ማታ በኳስ ማሳያው ቤት ወንበር አጥቶ ቆሞ ያመሸ ነው። «ማን ነው ያሸነፈው?» ብዬ ብጠይቀው ተቆጣ። «እኛ ነና!»

አጠገቡ ያለው የማንቸስተር ደጋፊ ጓደኛው ታዲያ ነገር ጣል አደረገ። «የሄይሰሉስ? እሱም እናንተ ናችሁ?»

ልጁ ጥቂት ዝም አለና፣ «እሱማ ሰካራሞች ያደረጉት ነው፤ እኛን አይመለከትም» አለ።

እነሆ፣ ዋንጫ ሲመጣ «እኛ»፣ ሬሳ ሲመጣ «እነሱ»። ልጁን ለመውቀስ አይደለም፤ አብዛኞቻችን ስለ ቤተሰባችንም፣ ስለ አገራችንም የምንናገረው እንደዚሁ ነው። ግን ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነውና ሳብላላው ሰነበትኩ። አንድ ሰው የወገኑን ክብር የሚካፈል ከሆነ ጥፋቱንም መካፈል አለበት? ካለበትስ፣ ሌላ ሰው መጥቶ «ትካፈላለህ!» ብሎ ሊቀጣው ይገባል?

ነገሩን ለማያስታውሱ አንባብያን ላውሳ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ክለቦች የአውሮፓ ጌቶች ነበሩ። ከ1977 እስከ 1982 ድረስ ለ6 ተከታታይ ዓመታት የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ከእንግሊዝ አልወጣም፤ ሊቨርፑል ሦስቴ፣ ኖቲንግሃም ፎረስት ሁለቴ፣ አስቶን ቪላ አንዴ ወስደውታል። በ1984 ደግሞ ሊቨርፑል ሮማን በገዛ ሜዳው፣ ያውም በፍፁም ቅጣት ምት ረታ። በረኛው ብሩስ ግሮበላር ጉልበቱ እንደ ከዳው ሰው እየተንቀጠቀጠ የጣሊያኖቹን መቺዎች ቀልብ የሰለበው በዚያች ሌሊት ነው።

በዓመቱ ሜይ 29 ቀን 1985 ሊቨርፑል ከጁቬንቱስ ጋር ብራስልስ ላይ ለዋንጫ ቀረበ። ሄይሰል ያረጀና የተጎሳቆለ ስታዲየም ነበር፤ የሊቨርፑል ኃላፊዎችም ስጋታቸውን አስቀድመው ተናግረዋል። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው የሊቨርፑል ደጋፊዎች ደካማውን የሽቦ አጥር ጥሰው ወደ ጎረቤቱ መደዳ ጎረፉ። እዚያ የነበረው ሕዝብ አብዛኛው ጣሊያናዊ ነበር። ሸሽቶ ከግንብ ጥግ ተጣበበ፤ ተረጋገጠ፤ ግንቡም ተናደ። 39 ሰው ሞተ። ሬሳ ከስታዲየሙ ውጭ ተደርድሮ ሳለ ጨዋታው ተካሄደ፤ ቢቋረጥ የባሰ ረብሻ ይነሳል ተብሎ። ፕላቲኒ በፍፁም ቅጣት ምት አገባ፣ በደስታም ዘለለ። ጁቬንቱስ 1 ለ0 አሸነፈ ተብሎ በመዝገብ ሰፈረ። መዝገብ ግብን እንጂ ሌላውን አይቆጥርም።

ከዚያ ቅጣቱ መጣ። በጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ግፊት የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ክለቦቹን ከአውሮፓ ውድድር አስወጣ፤ ዩኤፋም በጥቂት ቀናት ውስጥ የእንግሊዝን ክለቦች በሙሉ ላልተወሰነ ጊዜ አገደ። እገዳው 5 ዓመት ቆየ፤ ለሊቨርፑል አንድ ዓመት ተጨመረበት።

እዚህ ላይ ኤቨርተን የሚባለውን ክለብ ልብ በሉልኝ። ያኔ ይጫወትበት የነበረው ጉዲሰን ፓርክና የሊቨርፑሉ አንፊልድ በአንድ መናፈሻ የተለያዩ ጎረቤቶች ናቸው። በከተማዋ አባት ሰማያዊ፣ ልጅ ቀይ የሚሆንበት ቤት ሞልቷል። በ1985 ኤቨርተን ሊቨርፑልን በ13 ነጥብ በልጦ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ከሄይሰል ሁለት ሳምንት በፊትም ሮተርዳም ላይ ራፒድ ቪየናን 3 ለ1 አሸንፎ የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወሰደ። ወደዚያ ፍጻሜ የደረሰው ባየርን ሙኒክን በሜዳው 3 ለ1 ረትቶ ነው። በዕረፍት ሰዓት 1 ለ0 እየተመራ ሳለ አሠልጣኙ ሃዋርድ ኬንዳል ለተጫዋቾቹ፣ ከግቡ ጀርባ ያለው ሕዝብ ኳሷን ስቦ ያስገባላችኋል አላቸው ይባላል። ሳበም፤ ሦስት ጊዜ። ሮተርዳም የሄዱት ደጋፊዎቹ ደግሞ በአደባባይ ከሆላንድ ፖሊሶች ጋር ኳስ ሲጫወቱ የታዩ ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ምን አጠፉ? ምንም። ቅጣቱ ግን ከማንም ይልቅ የከበደው በነሱ ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ይሰለፉ የነበሩት እነሱ ነበሩ። በ1987 እንደገና የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በሩ እንደ ተዘጋ ነው። ሊነከር በ1986 ወደ ባርሴሎና፣ ኬንዳል በ1987 ወደ ቢልባኦ ሄዱ። ያ ቡድን ቀስ በቀስ ተበተነ። ዋንጫውን ይወስድ ነበር ወይ? ማንም አያውቅም። የ1986ቱን ስቴዋ ቡካሬስት ከባርሴሎና እጅ ወሰደው፤ በረኛው ዱካዳም የተመቱበትን አራት ፍፁም ቅጣት ምቶች በሙሉ አድኖ። የተሸነፈው የባርሴሎና አሠልጣኝ ቴሪ ቬነብልስ እንግሊዛዊ ነበር። ክለቡ የሌላ አገር ስለሆነ እሱን የከለከለው የለም።

ትናንሾቹም አሉ። ኖርዊች በ1985 የሊግ ዋንጫን አንሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓን ሊያይ ሲል በሩ ተዘጋበት። እስኪከፈትለት ድረስ ጠብቆ በ1993 ሙኒክ ሄዶ ባየርንን 2 ለ1 አሸነፈ። ኦክስፎርድና ዊምብልደን ግን በዚያ እገዳ ዘመን ዋንጫ አንሥተው እቤታቸው ቀሩ።

አባቶቻችን «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ያሉት ይህን የመሰለውን ነው። ሆኖም ለቀጪዎቹም ወገን መናገር ተገቢ ነው። ሄይሰል ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም። በ1974 የቶተንሃም ደጋፊዎች ሮተርዳምን፣ በ1975 የሊድስ ደጋፊዎች ፓሪስን አምሰዋል። ሊድስ ለብቻው ታግዶ ነበር፤ ነገሩ ግን አልቆመም። እያንዳንዱን ለየብቻ መቅጣት ካልሠራ ምን ይደረግ?

እኛም አገር እኮ አውጫጭኝ ነበር። ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ካልታወቀ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪወጣ አይለቀቅም፤ የቀረ ይቀጣል፤ አጥፊው ካልተገኘም ካሳውን ለመክፈል አገሬው ይገደዳል። ጭካኔ አለበት፤ ግን አመክንዮም አለው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፣ ዝም ያለም ተባባሪ ነው የሚል። ችግሩ ይህ አመክንዮ ከመንደር ሲወጣ ይሞታል። የኖርዊች ገበሬ ብራስልስ ላይ አጥር የጣሰውን ጎረምሳ ከየት ያውቀዋል? ማንንስ ያወጣል?

ደግሞም አጥፊው አልታወቀም ማለት አይቻልም። በ1989 የቤልጅግ ፍርድ ቤት 14 የሊቨርፑል ደጋፊዎችን ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ ቀጥቷል። ያን ያረጀ ስታዲየም የመረጠው ዩኤፋ ነበር። አጋድ የሆነውም ራሱ ነው። ከተከሳሽ ወገን መቀመጥ የሚገባው ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይመጣል። እገዳውም ረብሻውን አላጠፋውም፤ ብሔራዊ ቡድኑ አልታገደም ነበርና በ1988 ጎረምሶቹ ምዕራብ ጀርመን ሄደው በጠበጡ።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ሕዝብን በጅምላ ጥፋተኛ ማለት ከተለመደ በኋላ በዚያው ሕዝብ ላይ ማንኛውንም ውሸት ማመን ይቀላል። አፕሪል 15 ቀን 1989 ሼፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ ሜዳ የሊቨርፑል ደጋፊዎች በብረት አጥር ላይ ተጨፍልቀው አለቁ፤ የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ደርሷል። ፖሊስ ጥፋቱን በሟቾቹና በጓደኞቻቸው ላይ ላከከ፤ ሰክረው ነበር፣ በር ሰብረው ገቡ ተባለ። ብዙ ሰው አመነ። ሊቨርፑሎች አይደሉም እንዴ? የሄይሰሎቹ! ደጋፊዎቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም፣ የሞቱትም በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለዋል የሚለው የሸንጎ ውሳኔ የተሰማው ከ27 ዓመት በኋላ በ2016 ነው። ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች ያን ሁሉ ዓመት የሞገቱት ከፖሊስ ጋር ብቻ አልነበረም፤ «እናንተ እኮ…» ከምትለው ቃል ጋር ጭምር ነው።

በዚያው ሰሞን ነው ኤቨርተኖች፣ በጎረቤቶቻቸው ጥፋት አውሮፓ የተዘጋባቸው ሰዎች፣ ሰማያዊ ሻርፓቸውን ይዘው የወጡት። ሰማያዊና ቀይ ሻርፕ እርስ በርሱ እየተቋጠረ ከጉዲሰን ተነሥቶ መናፈሻውን አቋርጦ አንፊልድ ደረሰ። «የእናንተ ጦስ ነው» ለማለት ምክንያት ያለው ሰው ቢኖር እነሱ ነበሩ። ቂም የያዘ አልነበረም አልልም፤ ዛሬም የ1985ቱን ነገር ሲያነሡ ድምፃቸው የሚለወጥ ኤቨርተኖች አሉ።

እንግዲህ ወደ ሠፈሬ ልጅ ልመለስ። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋት አይወረስም፤ አጥር ያልጣሰ አጥር አልጣሰም። ሐፍረት ግን ሌላ ነው። «አሸነፍን» ያለ ሰው በዚያች ቃል አንድ ቤት ገብቷል፤ ቤቱ ደግሞ ዋንጫ ብቻ ሳይሆን ዕዳም አለበት። ያን ዕዳ ማንም ሊያስከፍለው አይችልም፤ እሱ ራሱ አንሥቶ ካልተሸከመው በቀር። ለዚህ ነው የዩኤፋ እገዳ ዕዳውን የከፈለ የማይመስለኝ። ኖርዊችና ኦክስፎርድ ተቀጡ እንጂ ለቱሪን እናቶች ማን ምን አላቸው?

በአፕሪል 2005 ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ ከሄይሰል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፓ ውድድር አንፊልድ ላይ ተገናኙ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በአንደኛው ወገን የተሰበሰቡት የሊቨርፑል ደጋፊዎች ካርቶን አንሥተው በጣሊያንኛ «ወዳጅነት» የሚል ጽሑፍ ሠሩ። በ1985 ከነዚያ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ያልተወለዱም አሉባቸው። ከጁቬንቱስ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። አንዳንዶቹ ጀርባቸውን ሰጡ። የሊቨርፑሎቹ ካርቶን ግን አልወረደም።