ስለ መንገድ መስፋትና ስለ ጐረቤት ዕዳ

መንገድ ለአገር ታላቅ በረከት መሆኑን የሚክድ አስተዋይ ሰው አይገኝም። በተለይም በደቡብ ምዕራብ በቡናው አገር የሚኖር ሰው የመንገድን ጥቅም ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ክረምቱ ረጅም፣ ዝናሙ ብዙ፣ መሬቱም ተዳፋት ነውና። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ያለው ገበሬ ቡናውን ለቅሞ ጀንፈሉን በጆንያ ቢያከማችም፣ መኪና በጭቃ ተይዞ የቀረ እንደ ሆነ የድካሙ ዋጋ ይወድቅበት ነበር፤ ሕመምተኛውንም ወደ ሐኪም የሚያደርሰው የጐረቤቶቹ ትከሻ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል እስከ ሚዛን የሚደርሰው ከ220 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በአስፋልት በተሠራ ጊዜ ግን ይህ ችግር እጅግ ቀለለ። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚያጕረመርም ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ የተቀበለውን ጥቅም ሊያስታውስ ይገባዋል።

ሆኖም መንገድ ባዶ መሬት ብቻ እየመረጠ አያልፍም። በገጠር ሲሄድ ደንና እርሻ ያቋርጣል፤ ከተማ ሲደርስ ግን የሚያልፈው በሰው ደጅ ነው። ዛሬ በአንድነት ሚዛን አማን ተብለው የሚጠሩት ሁለቱ ከተሞች በመንገድ ዳርና ዳር የተዘረጉ ናቸው። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተቋቋመ ጊዜ ሚዛን አማንና ቴፒ ከቦንጋና ከተርጫ ጋራ የክልሉ መቀመጫዎች ሆኑ፤ መቀመጫ የሆነ ከተማም ሰፊ ጐዳናና የተስተካከለ የውሃ መውረጃ መፈለጉ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራም ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቷል። በዚህ ሁሉ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ይኸውም መንገዱን አምነው ቀድመው በዳሩ ቤት የሠሩት፣ ሻይ እያፈሉ፣ ልብስ እየሰፉ፣ መንገደኛ እያሳደሩ ሥፍራውን ከተማ ያሰኙት ሰዎች፣ መንገዱ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነሡት እነርሱ መሆናቸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ለብዙዎች ጥቅም ሲባል ጥቂቶች ቤታቸውን እንዲለቁ ማድረግ ፍትሕ ነውን? ፍትሕስ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ለጥቂቶቹ ምን ዕዳ አለባቸው?

መጽሐፍን የሚያውቅ አንባቢ የናቡቴን ታሪክ ወዲያው ያስታውሳል። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በፈለገ ጊዜ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን ብር ሊሰጠው ቃል ገባለት፤ ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ነውና እንቢ አለ፤ መጨረሻውም በሐሰት ምስክር መሞት ሆነ። ብዙ ሰው ቤቱ በፈረሰበት ጊዜ ራሱን ከናቡቴ ጋራ ያመሳስላል። ነገር ግን ነገሩን በትክክል እንመዝን። አክዓብ ቦታውን የፈለገው ለራሱ የአትክልት ሥፍራ ነው፤ መንገድን የሚፈልገው ግን ባለ ቡናው፣ ወላዷ፣ ተማሪው፣ ነጋዴው ሁሉ ነው። አክዓብን እንቢ ማለት ቀላል ፍርድ ነው፤ ጠያቂው ሰማንያ ሺህ ጐረቤት ቢሆን ግን ፍርዱ ይከብዳል። ስለዚህ ማንም ሰው ከቦታው ከቶ አይነሣም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጠያቂው ብዙ መሆኑ ዕዳውን ያበዛዋል እንጂ አያጠፋውም፤ አንድ ሰው የወሰደውን አንድ ሰው ይመልሳል፤ ሁሉ የወሰደውን ግን እያንዳንዱ ሌላው ይመልስልኛል ብሎ ይተወዋልና።

ሕጋችንም ይህን ዕዳ ያውቀዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ እንዲከፍል ያዛል፤ በአንቀጽ 44ም በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሮአቸው የተነካባቸው ሰዎች ካሣና ድጋፍ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ከዚህም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 ነው። ይህ አዋጅ ከቤቱና ከአትክልቱ ዋጋ ሌላ፣ ማኅበራዊ ትስስር ስለ መቋረጡና በመንፈስ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ክፍያ እንዲኖር ደንግጓል። ሕግ አውጪው በዚህ ቃል ታላቅ ነገር አምኗል፤ የፈረሰው ግድግዳና ጣራ ብቻ እንዳልሆነ መስክሯልና።

የፈረሰውስ ሌላው ነገር ምንድን ነው? አንድ ሠፈር ማለት የእድር ድንኳን በአንድ ሰዓት የሚተከልበት፣ ወላድ ሳትጠራው ገንፎ የሚገባላት፣ ባለ ሱቁ ስምን ብቻ አምኖ በዱቤ የሚሰጥበት፣ ሕፃን ቢጠፋ የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚታወቅበት ቦታ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል የተባለውም ስለዚህ ነው። በሚዛንና በቴፒ ደግሞ ነገሩ ይጠልቃል። በእነዚህ ከተሞች ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ሸካው፣ ከፊቾው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና ሌላውም በአንድ ረድፍ ይኖራል። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው ዘመድ የሚሆነው ቡና አብሮ በመጠጣትና ሙት አብሮ በመቅበር ነው፤ ይህም የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ሃያ ቤቶች ተነሥተው በሃያ ልዩ ልዩ ቦታ ቢበተኑ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ዋጋው ቢከፈልም እድሩ ለማን ይከፈላል? በተለይም የሕጉ ካሣ በይበልጥ የሚያገኘው ይዞታ ያለውን ሰው ነው፤ የግል ተከራዩና በመንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠው እናት ግን ሲነሡ ከትስስሩ በቀር የሚያጡት ርስት ስለሌላቸው፣ ያጡት ነገር በመዝገብ ላይ አይታይም።

ከመንገድ ቀጥሎ የውሃውን ነገር እንመልከት፤ ሁለቱ አይለያዩምና። መንገድ ሲሠራ መሬቱ ከፍ ይላል፣ ዝናም የሚጠጣው አፈር በአስፋልት ይሸፈናል፤ ቀድሞ በየጓሮው እየተበተነ ይጠፋ የነበረው ውሃ በአንድ ቦይ ተሰብስቦ በኃይል ይወርዳል። የቦዩ መጨረሻ ወንዝ ከሆነ መልካም ነው፤ የቦዩ መጨረሻ ከታች ያለው ሰው አጥር ከሆነ ግን ከላይ ያለው ሠፈር ከጐርፍ ዳነ ማለት ጐርፉን ለሌላው አስተላለፈ ማለት ነው። ተራራማ በሆነች ከተማ ደግሞ ከላይ የሚኖረውና ከታች የሚኖረው ብዙ ጊዜ በሀብትም እንዲሁ የላይና የታች ናቸው።

ውሃን መናቅ ምን እንደሚያስከትል ድሬዳዋ አስተምራናለች። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት፣ ከላይ ካሉት ተራሮች የወረደ ጐርፍ በአመዛኙ ደረቅ በሚሆነው በደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ፤ በሺህ የሚቈጠሩትንም ከቤታቸው አስወጣ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንቦች ተሠሩ። እንዲህ ያለው ግንብ ሰው እንዲነሣ ቢያስገድድ፣ ተነሺው የሚተወው ቤትን፣ የሚያተርፈው ግን ነፍስን ነው። ስለዚህ ጐርፍን ለመከላከል ከቦታ ማንሣት ለጐዳና ውበት ከማንሣት ጋራ በአንድ ሚዛን አይመዘንም፤ ምክንያቱን ለይቶ ለሕዝብ መንገር ይገባል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ በሴኡል የጨንግየቾን ጅረት በኮንክሪት ተሸፍኖ ከላዩ አውራ ጐዳና ተሠርቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ጐዳናውን ማፍረስ ተጀመረ፤ በ2005ም ጅረቱ ተከፍቶ ከተማይቱ ተደሰተች። ነገር ግን በዚያ ይነግዱ የነበሩት ድኾች ወደ አንድ የስፖርት ሜዳ ተዛወሩ፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ሜዳው ራሱ ፈረሰ። ሲሸፈንም ሲከፈትም የሚነሣው ያው ድኻ ከሆነ፣ ጕድለቱ ከመንገዱ ወይም ከጅረቱ ሳይሆን ከፍርዳችን ነው።

አንዳንዱ ሰው፣ ይህን ሁሉ ካሰብን መንገድ ከቶ አይሠራም ይላል። እንዲህ አይደለም። የሚፈለገው ሥራውን ማቆም ሳይሆን ዕዳውን መክፈል ነው፤ ዕዳውም በአራት ነገር ይከፈላል። አንደኛው አስቀድሞ መንገር ነው፤ ልጁ በትምህርት ቤት መካከል ሳለና ክረምት በገባ ጊዜ ተነሥ ማለት ከመንገዱ ሥራ የማይፈለግ ጭካኔ ነውና። ሁለተኛው ጐረቤትን ከጐረቤቱ ጋራ በአንድነት ማስፈር ነው፤ እድሩ ከነመዝገቡ፣ ከነድንኳኑ፣ ከነሰዉ የሄደ እንደ ሆነ ቤቱ ቢፈርስም ሠፈሩ አልፈረሰም። ሦስተኛው ውሃውን እስከ መጨረሻው መከተል ነው፤ ቦዩ ወንዝ ሳይደርስ አስፋልቱን አለቀ ማለት አይገባም።

አራተኛው የእኛ የከተማ ነዋሪዎች ፈንታ ነው፤ ስለ እርሱም ጥቂት ሰው ይናገራል። የፊተኛው ረድፍ በፈረሰ ጊዜ የኋለኛው ረድፍ ፊተኛ ይሆናል። ትናንት በጓሮ የነበረ ቤት ዛሬ ጐዳና ዳር ሆኖ ያድራል፤ ባለቤቱ አንድ ድንጋይ ሳያነሣ የቤቱ ኪራይ ይጨምራል። ይህ ሰው የሰረቀው ነገር የለም፤ ነገር ግን ያተረፈው ጐረቤቱ ከለቀቀው ቦታ ነው። እንግዲህ ለተነሣው ጐረቤት በረንዳውን ለጥቂት ወራት ቢለቅለት፣ ተከራይ ሲፈልግ እርሱን ቢያስቀድም፣ በእድሩም ስሙ እንዳይሠረዝ ቢከራከርለት፣ ምጽዋት ሰጠ አይባልም፤ ዕዳውን ከፈለ ይባላል እንጂ።

ቤቱን ለመንገድ የለቀቀ ሰው ለከተማው መንገድ ሰጪ ነው። ሰጪን እንደ ተሸናፊ መቍጠር ትልቅ ስሕተት ነው። በአዲሱ አስፋልት ላይ የምንሄድ ሁሉ የምንረግጠው የማንን ደጅ እንደ ሆነ ብናውቅ፣ ደጁን የለቀቀው ሰውም ዛሬ የት እንደሚያድር ብንጠይቅ፣ መንገዱ በእውነት የሁላችን ይሆናል።