ስንት ተቀብዬ ስንት እመልሳለሁ?

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ወሎ ደጋዎች ብር የሚጠፋበት ወቅት ይታወቃል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ይራቆታል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የልጆች ደብተርና ልብስ ይመጣል። ብድር የሚፈለገው ያኔ ነው፤ ያኔ የሚበደር ሰው ደግሞ ስለ ብድሩ ዋጋ ለመጠየቅ ያፍራል። ወገኖቼ፣ አትፈሩ፣ ጠይቁ። አበዳሪው ማንም ይሁን ማን፣ ስንት ብር በእጄ ይገባል፣ ስንት ብር እመልሳለሁ፣ በስንት ቀን፣ ብዘገይስ ቅጣቱ ስንት ነው በሉት። መልሱን በመቶኛ ሳይሆን በብር ይንገራችሁ።

ከሁሉ የከፋው አራጣ ነው። በሐምሌ 5,000 ብር በወር አሥር በመቶ የወሰደ ገበሬ፣ እህሉን ወቅቶ በታኅሣሥ ሊከፍል ሲሄድ 2,500 ብር ወለድ ይጠብቀዋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ተበዳሪና አበዳሪ በዓመት ከአሥራ ሁለት በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። በዚህ ሒሳብ የዚያ ገበሬ ወለድ ቢበዛ 250 ብር ነው። የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ከሕጉ በላይ የሚያበድር ሰው ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ይጠየቃል፤ ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። አራጣ አበዳሪ ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ «7,500 ብር ተበድሬአለሁ» ብላችሁ እንድትፈርሙ ያደርጋል። እባካችሁ አትፈርሙ! ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በዋናነት በጽሑፍ ነው፤ ያልተቀበላችሁትን ገንዘብ ተቀብያለሁ ካላችሁ ያ ወረቀት በእናንተው ላይ ይመሰክራል። በከፈላችሁ ቁጥርም ደረሰኝ ተቀበሉ፤ አበዳሪው አጎታችሁ ቢሆንም።

ፈቃድ ያለው ተቋም ከአራጣ እጅግ ይሻላል። ገበሬው አብቁተ እያለ የሚያውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ሌሎች ባንኮችና የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም አሉ። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች ግን ከላይ ባለው የአሥራ ሁለት በመቶ ጣሪያ አይታሰሩም። ስለዚህ ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ ጠይቁ። 12,000 ብር በዓመት አሥራ አምስት በመቶ ተበድራችሁ ዋናውን በአሥራ ሁለት ወር እኩል እየከፈላችሁ ብትጨርሱ፣ ወለዱ በመጀመሪያው ዋና ገንዘብ ላይ ከተሰላ 1,800 ብር ነው። በየወሩ በሚቀንሰው ቀሪ ዕዳ ላይ ከተሰላ ግን 975 ብር። ሁለቱም «አሥራ አምስት በመቶ» ይባላሉ፤ ልዩነታቸው 825 ብር ነው። ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለበት ሙስሊም ወገናችንም አማራጭ አለው፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀምሯል፣ ብዙ ባንኮችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ። እዚያም ቢሆን ዕቃው በስንት ተገዝቶ በስንት እንደተሸጠላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። በአብዛኞቻችን እጅ ያለው የኤቲኤም ካርድ የራሳችንን ገንዘብ ብቻ የሚያወጣ ነው። ሌላው ዓለም በክሬዲት ካርድ የሚያገኘውን ብድር ለእኛ ይዞ የመጣው ስልክ ነው። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 መላና እንደኪሴ የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ጀመረ፤ እንደኪሴ በሒሳባችሁ ያለው ብር ለክፍያ ሲያጥር ይሞላላችኋል። ያለ መያዣ፣ ያለ ወረፋ ገንዘብ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ቅለቱ ግን ያዘናጋል። የትኛውም ድርጅት ይሁን፣ 1,000 ብር አበድሮ 50 ብር ቀድሞ ቢቆርጥ እጃችሁ የሚገባው 950 ነው። ለአንድ ወር 50 ብር ቀላል ይመስላል፤ ያንኑ ብድር በየወሩ እያደሳችሁ ዓመት ብትዘልቁ ግን 600 ብር ከፍላችኋል። እንዲህ ያለ ብድር ነገ ተሽጦ ለሚመለስ ዕቃ ወይም ለድንገተኛ ሕክምና ይሁን። ለሠርግና ለተዝካር አታድርጉት፤ ለዚያ ቅሬውና እቁቡ አሉ።

በመካነ ሰላም ግቢ የምትማሩ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እናንተም የሁለተኛ ደረጃ ልጆች፣ ለእናት አባቶቻችሁ «እስማማለሁ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ዝርዝሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የምስጢር ቁጥራቸውንም ሌላ ሰው እንዳይነግሩ አስረዷቸው።

ስለ ዋስትናም ዝም ማለት አልችልም። በአገራችን «ዋስ ሁነኝ» ያለውን ዘመድ እምቢ ማለት ይከብዳል። እሺ የምትሉ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያዙ፦ ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በአንቀጽ 1922 ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበት አይጸናም። ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ ቀርቦላችሁ «ቁጥሩን በኋላ እንሞላዋለን» ቢሏችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይጻፍ፤ የወረቀቱንም ቅጂ ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።