ትኬት ያልቆረጠው ሰው

ለመሆኑ የብዙዎች ጥቅም የጥቂቶችን እንቅልፍ ሊገዛ ይችላልን? ጥያቄውን የማነሳው ስለ አውሮፕላን ድምፅ ነው። ውድ አንባቢያን፣ «በዚህ ሁሉ ችግር መሐል ይህ ደግሞ የጠገበ ሰው ጭንቀት ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ግን ጉዳዩ የጥጋብ ሳይሆን የሐቅ ነው ባይ ነኝ። አውሮፕላን ሲነሳ ጥቅሙ ትኬት ለቆረጠው፣ ለአየር መንገዱና ለአገር ነው። ድምፁና አደጋው ግን ከመንደርደሪያው ጫፍ ለሚኖረው ሰው ሳይጠየቅ ይደርሰዋል። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። በመካከላቸው ሚዛን ይዞ የቆመው የትራንስፖርት ፕላን አውጪው ነው። እኔም መመርመር የፈለግሁት ይህንኑ ሚዛን ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ግሪንስቦሮ ከተማ አጠገብ ኮዝቢ የሚባሉ ባልና ሚስት ዶሮ እያረቡ ይኖሩ ነበር። የጦር አውሮፕላኖች በአቅራቢያቸው ባለው ማረፊያ መጠቀም ሲጀምሩ ከቤታቸው ጣሪያ 67 ጫማ፣ ማለትም 20 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለው ያልፉ ጀመር። ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ ጋር እየተላተሙ 150 ያህሉ አለቁ። እርባታውም ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1946 ጉዳዩን ያየው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መሬት ያለው ሰው እስከ ሰማይ ድረስ ባለቤት ነው የሚለው የጥንት ሕግ በአውሮፕላን ዘመን አይሠራም አለ። ነገር ግን እንዲህ ዝቅ ብሎ ደጋግሞ መብረር መሬቱን እንደ መውሰድ ይቆጠራልና ካሳ ይገባቸዋል ሲል ፈረደ። መልካም ፍርድ ነው። የሞተ ዶሮ ይቆጠራል። የጠፋ እንቅልፍስ በምን ይቆጠራል?

ተመራማሪዎች የደረሱበት መልስ አማካይ ነው። የ24 ሰዓቱ ድምፅ ተደምሮ አንድ ቁጥር ይወጣለታል፤ በሌሊት የሚያልፈው አውሮፕላን ላይ ደግሞ 10 ዴሲቤል ይታከልበታል። ሥራው ብልሃት የጎደለው አይደለም። ግን ውጤቱን ተመልከቱ፤ በቀን 100 አውሮፕላን ያልፍበት በነበረ ሰፈር ላይ ተመሳሳይ 200 አውሮፕላን ቢያልፍበት አማካዩ ከፍ የሚለው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ኢምንት ለውጥ ነው። ሰው ግን አማካይ አይሰማም። ሰው የሚሰማው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሕፃኑን ከእቅፉ የሚያስበረግገውን ያንን አንዱን አውሮፕላን ነው።

አሜሪካኖች በዚሁ ስሌት 65 ዴሲቤልን መስመር አድርገው ያዙ፤ ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ከመኖሪያ ቤት ጋር የሚስማማ ነው ተባለ። መሠረቱ ሹልትስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ጥናት ነው። የመኪናን፣ የባቡርንና የአውሮፕላንን ድምፅ በአንድ ላይ የያዘ ነበር። በዚያ ጥናት መሠረት በ65 ዴሲቤል እጅግ የሚማረረው ነዋሪ ከመቶ 12 ያህል ነው። የአገሪቱ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት በ20 አውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት ግን ቁጥሩ ከመቶ 60 እስከ 71 ሆኖ ተገኘ። ለ40 ዓመታት ያህል «ጥቂት ናቸው» ሲባሉ የኖሩት ሰዎች አብዛኛዎቹ ነበሩ ማለት ነው! እውነት ነው፣ እያንዳንዱ አውሮፕላን ከድሮው ይልቅ ጸጥ ብሏል። የበረራው ብዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከአማካዩ የባሰው ደግሞ የገንዘብ ተመኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዝ መንግሥት ለለንደን ሦስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ቦታ የሚመርጥ ኮሚሽን በዳኛ ሮስኪል ሰብሳቢነት አቋቋመ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ሰፊ ጥናት አልታየም ነበር። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ሁሉን ነገር በፓውንድ ተመኑት። የመንገደኛ ሰዓት ዋጋ ወጣለት፤ ለሥራ የሚበር ነጋዴ ሰዓትም ለመዝናናት ከሚሄደው ሰው ሰዓት በእጅጉ በለጠ። የድምፅ ጉዳት ቤቶች በገበያ ከሚያጡት ዋጋ ጋር ተያይዞ ተሰላ። ስቱክሊ በምትባል መንደር የሚገኝ ከ800 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በእሳት አደጋ ኢንሹራንሱ መጠን ተተመነ። ሰዉ ሳቀም ተቆጣም። የሌሎች ሰዎች የአምልኮ ቤት ቢሆንም እኔም በዚህ አልስቅም፤ የኛ መስጊድ በዚያ መንገድ ቢተመን ምን እንል ነበር?

ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የቤት ዋጋው ነው። ጉዳት የሚለካው ቤት ከሚያጣው ገንዘብ ከሆነ፣ ቪላ ያለው ሰው ብዙ ሲጎዳ ጎጆ ያለው ሰው ጥቂት ይጎዳል። ተከራዩማ የሚሸጠው ቤት ስለሌለው የሚያጣው ነገር የለም ሊባል ነው። እንግዲህ ስሌቱ በቅንነት ከተሠራ መልሱ አንድ ነው፤ አውሮፕላኑ በድሃው ላይ ይብረር። ይህን የሚያዝዝ ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ የሒሳብ መኪናው ራሱ ያዝዘዋል። ዙልም የግድ በጩኸት አይመጣም፣ በሠንጠረዥም ይመጣል። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ የነበሩት ኮሊን ቡካናን የብዙኃኑን ውሳኔ ተቃውመው ልዩነታቸውን በጽሑፍ አስመዘገቡ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሚሽኑ የመረጠውን ቦታ ትቶ ሌላ መረጠ፤ እሱም ቢሆን በ1974 ተሰረዘ።

በገንዘብ ሊተመን የማይችለው ነገር የት እንዳለ ያሳየን የሙኒክ ጥናት ነው። ይህች የጀርመን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 አሮጌውን አውሮፕላን ማረፊያ ዘግታ ራቅ ወዳለ አዲስ ቦታ ተዛወረች። ተመራማሪዎች አስቀድመው በሁለቱም ቦታዎች ያሉ ሕፃናትን መከታተል ጀምረው ነበር። በአዲሱ ማረፊያ አካባቢ ያሉት ሕፃናት ንባብና የማስታወስ ችሎታቸው ተዳከመ፤ በአሮጌው አካባቢ ያሉት ደግሞ ድምፁ ሲቆም ተሻሻሉ። ጉዳቱ አልጠፋም፣ ከልጅ ወደ ልጅ ተሸጋገረ እንጂ። የትኛው ገበያ ነው ለዚህ ዋጋ የሚያወጣለት?

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጀመሪያ አንድ የእስራኤል የጭነት አውሮፕላን በአምስተርዳም ከተማ ቤይልመር በሚባል ሰፈር የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ወደቀ። በይፋ ከተቆጠሩት 43 ሟቾች ውስጥ በአውሮፕላኑ የነበሩት 4 ብቻ ናቸው። የቀሩት 39 ሰዎች በቤታቸው የነበሩ ናቸው። ሰፈሩ ከሱሪናም፣ ከጋናና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት ነበር፤ ወረቀት የሌላቸው ስለነበሩም የሟቾቹን ቁጥር ማጣራት አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። ትኬት ያልቆረጠው ሰው አንዳንዴ በመዝገብም አይገኝም።

«ማረፊያው ቀድሞ ነበር፤ ማን መጥተህ ስፈር አለህ?» የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው። የኛ ዑለማዎችም ያውቁታል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቱኒስ ግንበኛ የነበረው ኢብኑ ራሚ ስለ ግንባታ ሕግ በጻፈው ኪታብ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገር ጉዳትን በሰፊው ተመልክቷል፤ የማሊኪ ሊቃውንትም ቀድሞ የነበረ ጉዳትን ከአዲስ ጉዳት ለይተው ያያሉ። እኔም ይህን ልዩነት እቀበላለሁ። ነገር ግን በቦሌ ጉዳይ ነገሩ ይወሳሰባል። ማረፊያው ሲሠራ ዙሪያው ሜዳ ነበር፤ ከተማው ነው ወደሱ የመጣው። ሆኖም ቦታውን የመራው ማን ነው? ፕላኑን ያጸደቀውስ? ተከራዩ የሄደው ኪራይ ወደቀነሰበት ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የተጫነ አውሮፕላን ቶሎ ከፍ ማለት ያቅተዋል። ማረፊያው ቀድሞ ነበር ብንል እንኳ በየዓመቱ የጨመረው በረራ ቀድሞ አልነበረም።

ይህን ስጽፍ የየሰፈሩን ድምፅ ማጉያ የሚያነሳብኝ አንባቢ ይኖራል። ያንሳ፤ መብቱ ነው። የጎረቤት ሐቅ የሚባለው ነገር ከአውሮፕላን በፊት በኛው ግቢ የሚጀምር ነው።

አውሮፕላን ይቁም አላልኩም። ሑጃጆቻችን የሚሄዱት በሱ ነው፣ ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን የሚመለሱትም በሱ ነው። ግን ሌላ መንገድ አለ። ከአውሮፓ ትላልቅ ማረፊያዎች አንዱ የሆነው የፍራንክፈርት ማረፊያ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ እንዲቆም እ.ኤ.አ. በ2011 በፍርድ ቤት ታዞ፣ በ2012 በከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ጸንቶበት ሥራውን ቀጥሏል። አየር መንገዶቹ ሲሟገቱ ነበር፤ ግን አልተዘጉም።

አሁን ተራው የኛ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለ ቦታ ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ለተባለው አዲስ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2024 የንድፍ ውል ተፈራርሟል። ከመንደርደሪያው ቦታ ላይ የሚነሳው ገበሬ ይቆጠራል፣ ካሳውም ያንሳል ይበቃል ተብሎ ይከራከሩበታል። ከአጥሩ ማዶ የሚቀረውን ገበሬ ማን ይቆጥረዋል? በሌሊት ስንት አውሮፕላን፣ በየትኛው መንደር ላይ፣ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚያልፍ የሚያሳይ ካርታ፣ አማካይ ሳይሆን የበረራ ቁጥር የተጻፈበት፣ በየቀበሌው በሚገባቸው ቋንቋ ይለጠፍላቸው። ይህም የሚሆነው በዙሪያው የመኖሪያ ቦታ መመራት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ትምህርት ቤቱም የት ይሠራ እንደሆነ ከመወሰኑ በፊት።