እሾህን ስለ መትከል

ሰው የማይበላውንና የማያስጠልለውን ተክል በግቢው ተክሎ ቢጠብቅ መልካም ሠራ ይባላልን? ወይስ ጊዜ የተረፈው ሰው ከንቱ ድካም ነው? በአሪዞና፣ በፊኒክስ ከተማ፣ በጓሮዬ «የስቅለት እሾህ» የሚባል የበረሃ ቁጥቋጦ ስላለ፣ ለዝክር ወደ ቤት የሚመጡ ምእመናን ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሡብኛል። አንዲት እናት «መምህር፣ እሾህ እኮ የእርግማን ምልክት ነው፤ ምነው ጽጌረዳ ቢተክሉ?» ብለውኛል። ጥያቄያቸው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ተክሉ በዕፅዋት ተመራማሪዎች ዘንድ ካስቴላ ኤሞሪ ይባላል፤ ይህም የአሜሪካንና የሜክሲኮን ድንበር ከቀየሱት መኮንን ከዊልያም ኤሞሪ ስም የተወሰደ ነው። የሚበቅለው በአሪዞና፣ በደቡብ ምሥራቅ ካሊፎርኒያና በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ በረሃዎች ነው፤ በዚያም ቢሆን አልፎ አልፎ ተበታትኖ ይታያል እንጂ እንደ ልብ አይገኝም። ቅጠሉ ኢምንት ነው፤ ብቅ ብሎ ወዲያው ይረግፋል። ስለዚህ ምግቡን የሚያዘጋጀው በአረንጓዴው ቅርንጫፉ ነው፤ የየቅርንጫፉም ጫፍ ሾሎ እሾህ ይሆናል። ስሙ አክሊለ ሦክን ቢያሳስብም ተክሉ ከኢየሩሳሌም ጋር ዝምድና የለውም፤ በዚሁ በረሃ ሌሎች ሁለት ዕፅዋትም በዚያው ስም ይጠራሉ። (እንዲያውም የአውሮፓ ሊቃውንት በላቲን «የክርስቶስ እሾህ» ብለው የሰየሙት ዛፍ፣ በአገራችን ቆላ ልጆች ፍሬውን እየለቀሙ የሚበሉት ቁርቁራ ነው።)

ወደ እርግማኑ ልመለስ። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው ምድር እሾህና አሜከላ እንድታበቅል የተፈረደባት በአዳም ምክንያት ነው፤ እሾኹ የበደለው በደል የለም። ታላቁ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት፣ ጽጌረዳ በመጀመሪያ እሾህ እንዳልነበረባት፣ በኋላ እንደ ተጨመረባት ይናገራል። ይህ ለጽጌረዳ ይስማማል፤ እሾኋ ቢላጥ ጽጌረዳነቷ አይቀርምና። በዚህ ቁጥቋጦ ግን እሾኹ ቅርንጫፉ ራሱ ነው፤ እርሱን ብናስወግድ የሚተርፍ ተክል የለም። እንግዲህ እርግማኑን ከፍጥረቱ ለይተን የምንቆርጥበት ቦታ ከወዴት ይገኛል? ለእኔ እንደሚመስለኝ እሾህነት ለተክሉ ኑሮው ነው፤ እርግማን የሚሆነው ምድርን ሁሉ ለሆዳችን ብቻ ማረስ ስንሻ በእጃችን ላይ ነው። ሙሴ በኮሬብ ያየው ዕፀ ጳጦስም የበረሃ ቁጥቋጦ ነበር እንጂ የሊባኖስ ዝግባ አልነበረም። ሊቃውንቶቻችን የሐመልማሉንና የነበልባሉን ምሥጢር ለእመቤታችን ምሳሌ አድርገው ሲተረጉሙ በተክሉ ታናሽነት አላፈሩም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የአጠባበቁ ነገር ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ፍቅራችንን የምንገልጸው በማጉረስ ነው፤ እንግዳው በቃኝ ቢል እንኳ አንሰማውም። ይህ ተክል ግን በጉርሻ ይሞታል። ፊኒክስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከሰኔ 23 እስከ ሐምሌ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) ድረስ ባሉት 31 ተከታታይ ቀናት የየዕለቱ ከፍተኛ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበረ። እንዲህ ባለው ቀን ማንም ርኅሩኅ ሰው ወደ ቧንቧው ይሮጣል። ነገር ግን በጋለ አፈር ውስጥ ውኃ ሲቋጠር የበረሃ ተክል ሥር ይበሰብሳል። የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥሩ እስኪጠልቅ ድረስ አልፎ አልፎ አጥልቆ ማጠጣት፣ ከዚያም እየቀነሱ ለዝናቡ መተው ነው፤ ማዳበሪያም አያሻውም። ያን የሙቀት ወር ሙሉ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሞከረው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። ባየነው ቁጥር የምናጠጣው ለማን ብለን ነው? ተክሉ ስለ ጠማው ነውን? ወይስ የእርሱን ድርቀት ማየት እኛን ስለሚያስጨንቀን? ምሕረት የሚሰጠውን ሰው ጭንቀት ለማስታገሥ ስትውል መለኪያዋ ከተቀባዩ ወደ ሰጪው ይዞራል። በስደት ያጣነውን ሁሉ በልጆቻችን ላይ ስናፈስስ፣ የሚሹትን ሳንጠይቅ እኛ የተራብነውን ስናጎርሳቸው፣ ነገሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲሠራትና እንዲጠብቃት ነው፤ መሥራቱን ከአባቶቻችን በሚገባ ተምረናል፤ መጠበቅ ግን አንዳንድ ጊዜ እጅን መሰብሰብ መሆኑን አጥብቀን አላሰብንበትም።

«የሰውን አገር እሾህ ለባለ አገሮቹ ተውላቸው» የሚሉኝም አሉ። በጓሮአችን ጤና አዳምና በሶብላ መትከላችን መልካም ነው፤ እኔም ተክያለሁ፤ ሽታው ብቻውን አገር ያደርሳል። ይሁን እንጂ ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ምርኮኞች በላከው መልእክት አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ ብቻ አላዘዘም፤ የተማረኩባትን ከተማ ሰላም እንዲሹም አዝዟል። የዚህች ከተማ ሰላም ደግሞ ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ከምንጠጣው ውኃ ከፊሉ ከኮሎራዶ ወንዝ በረጅም ቦይ ይመጣል፤ በዚያም ወንዝ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የውኃ እጥረት በመንግሥት የታወጀው በነሐሴ 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ነበር። ከባለቤቱ ጋር ከአንድ ማሰሮ የሚጠጣ እንግዳ ሲቀዳ መጠኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

የዚህ ቁጥቋጦ ወንዴውና ሴቴው በየራሱ ግንድ ይበቅላል፤ አበባ እስኪያወጣም የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል፤ ዕድገቱም እጅግ አዝጋሚ ነው። አንዲት ሴቴ ብቻዋን ብትተከል፣ በአቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለ ዘር አታፈራም። ያፈራች እንደ ሆነ ግን ፍሬው ደርቆም ለብዙ ዓመታት ከቅርንጫፏ ላይ ሳይረግፍ ይቆያል። በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ሰው ይህን ሲተክል ዘሩን አያለሁ ብሎ አይደለም፤ ጎረቤቱም አንድ ቢተክል ግን የሁለቱ ልጆች ሊያዩት ይችላሉ።

መትከል ለሚሹ፦ ከበረሃው ነቅሎ ማምጣት በሕግም በኅሊናም ነውር ነው፤ የአሪዞና ሕግ የበረሃውን ዕፅዋት ይጠብቃል። ከዘር ያደገ ችግኝ ከታመነ የችግኝ ሻጭ መፈለግ ይሻላል። ሙቀቱ ከበረደ በኋላ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ውኃ በማይቋጥር አፈር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝበትና ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያ በራቀ ቦታ ሁለት ሦስት ሆኖ ይተከል።